የቲዝል መፍቻ

«ሰደርያውን ያዝ! ክንዱን ተወው፣ ናፍጣ ነው፣ ይሙለጨለጭብሃል!»

ሃምሳ አለቃ አምብሮዝ ትሬሎር በታንሲ ጎን በተዘረጋው የገመድ መረብ ላይ፣ አንድ እግሩን በመረቡ ዓይን አቆላልፎ ተንጠልጥሏል። መርከቧ ወደ እሱ በኩል ስታጋድል የአትላንቲክ ውኃ እስከ ደረቱ ይውጠዋል፤ መልሳ ስትቃና ከነመረቡ አንጠልጥላ ታወጣዋለች። ጎሕ ከቀደደ ግማሽ ሰዓት አልሞላም። በባሕሩ ላይ የተኛው ናፍጣ ማዕበሉን አፍኖ ጥቁር ቆዳ አስመስሎታል፤ በዚያ ቆዳ ላይ የሰው ራሶች እዚህም እዚያም ብቅ ጥልቅ ይላሉ።

ከላይ፣ ከማዘዣው ሰገነት፣ የመርከቧ አዛዥ መቶ አለቃ ሆልሮይድ ጮኸ። «ሃምሳ አለቃ! ሦስት ደቂቃ ነው ያለህ! ከዚያ ሞተር አስነሳለሁ!»

«ሰምቻለሁ ጌታዬ!» አለ ትሬሎር፤ ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስቲ አንተ ወርደህ በሦስት ደቂቃ አውጣቸው» ሲል አጉረመረመ።

የአዛዡ ችኮላ ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። ቲዝልን የመታት የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ከአካባቢው አልራቀም። ሞተሯን አጥፍታ የቆመች መርከብ ደግሞ በበረት እንደታሰረች በግ ናት።

ቲዝልና ታንሲ በአንድ ዓመት ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ የአበባ ስም የተሰጣቸው፣ ጭቃማ ሜዳ ላይ እንኳ ይንከባለላሉ እየተባለ የሚቀለድባቸው ትንንሽ የእንግሊዝ አጃቢ መርከቦች ነበሩ። በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በዚያ በ1941 ኅዳር፣ ከካናዳዋ ሃሊፋክስ ወደ እንግሊዟ ሊቨርፑል ስንዴና ነዳጅ የጫኑ አርባ አንድ የንግድ መርከቦችን ሲያጅቡ ዘጠነኛ ቀናቸውን ይዘዋል። ቲዝል ሰርጓጁን አድምጣ ስታሳድድ ሳለ ራሷ ተመታች። በአራት ደቂቃ ውስጥ ሰመጠች። ሰማንያ ሦስት ሰው ነበረባት፤ ከስድሳ የማያንሱት በደህና ውኃ ውስጥ ገብተው ነበር። መርከቧ ከዓይን ከጠፋች በኋላ ግን ባሕሩ ከሥር አበጠና ፈነዳ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ትሬሎር ያንን ድምፅ ከማንም በላይ ያውቀዋል። የጥልቀት ቦምብ ነው፤ የእሱ ሥራ።

ከትሬሎር ጎን የነበረው ረዳቱ ፊንች አንድ ሰው ሊያነሳ ሲጎነበስ መርከቧ አጋደለች፤ እጁ ከቲዝል በተረፈ መንሳፈፊያ ታንኳና በመርከቧ ብረት መካከል ገብቶ ተጨፈለቀ። እየጮኸ ወደ ላይ አወጡት። በታንኳው ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው እንደ ሕፃን ተኮራምቷል። ሌላው ቆሟል፤ ማንም ሳይረዳው መረቡን ይዞ ወጣ።

«ስንት አወጣህ?» አለ አዛዡ።

«አሥራ ሰባት ጌታዬ!»

ሞተሩ ተነሳ። ገና በውኃው ላይ የሚንቀሳቀስ ክንድ ነበረ። ትሬሎር ፊቱን አዞረ።

ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ ከአሥራ ሰባቱ በሕይወት ያሉት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ሟቾቹ ላይ አንዲት ቁስል አልታየም። ሆዳቸውን አቅፈው ውኃ ለመኑ፤ ደም ተፉ፤ ዝም አሉ። ቦምቡ ከሥራቸው ሲፈነዳ ውኃው አንጀታቸውን በጣጥሶት ነበር።

በታንሲ የፊት መኝታ ክፍል የተረፉት በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ካካዋ ይጠጣሉ። ትሬሎር የፊንችን እጅ አይቶ ሲመለስ በበሩ ላይ ጩኸት ሰማ።

«እሱ እዚህ ከገባ እኛ እንወጣለን! በነፋሱ ላይ እንቀመጣለን!»

የሚጮኸው በታንኳው ላይ ተኮራምቶ የነበረው ነው፤ ሀምፍሬይ ክሌግ ይባላል፤ የቲዝል የቦይለር ሠራተኛ፣ ከላንክሻየር። በበሩ የቆመው ደግሞ ብቻውን መረቡን የወጣው ሰው ነበር። ቀይ ጸጉሩ በናፍጣ ጠቁሯል።

«ምን አደረገ?» አለ ትሬሎር።

«ምን አደረገ ይላል!» አለ ክሌግ። «ጠይቀው እንጂ! የቦምቡ ሰው እሱ ነው። መርከብ ስትመታ ቦምቡን መዝጋት የማን ሥራ ነው? የወጥ ቤቱ ነው? እሱ ታንኳ ላይ ጉብ አለ፤ እግሩ እንኳ አልረጠበም። ወንድሜ ዊልፍ የታንኳውን ገመድ ይዞ ውኃ ውስጥ ነበር። እጁን ይዤው ነበር። እጁን! ሊወጣ ሲል…» ኩባያውን ወረወረ። ካካዋው በበሩ ላይ ተረጨ።

ቀይ ጸጉሩ ሰው ከበሩ አልሸሸም፤ የተረጨበትን ጠረገ። ዞሮ ወደ ላይ ወጣ።

«ስሙ ማነው?» አለ ትሬሎር፤ ስሙን ግን ያውቀው ነበር።

«ሌኖክስ። ዱጋልድ ሌኖክስ። አዛዣችሁ ስምንት ሰዓት ላይ ቃላችንን በጽሑፍ ይቀበላል። ሸሽቷል ብዬ እምላለሁ። ሁላችንም እንምላለን። ከዚያ የመስቀያውን ገመድ ዳኞቹ ይፈልጉለት።»

ትሬሎር ወደ መርከቧ ኋላ ሄደ። ነፋሱ ይገርፋል። የጥልቀት ቦምቦቹ፣ እያንዳንዳቸው የቢራ በርሜል የሚያህሉ፣ በግራና በቀኝ ሐዲድ ላይ ተደርድረው ወደ ባሕሩ ያዘነብላሉ። በየአንዱ ጎን ቁጥሮች የተጻፉበት ክብ አፍ አለ፤ ኀምሳ ጫማ፣ መቶ፣ መቶ ኀምሳ፤ በመጨረሻም «ዝግ»። መፍቻውን አስገብተህ ወደምትፈልገው ቁጥር ታዞራለህ። በርሜሉ ያ ጥልቀት ላይ ሲደርስ በውኃው ግፊት ይፈነዳል። መርከቧ ራሷ ይዛው ስትሰምጥም ያው ነው፤ ቦምብ የጣለውን ሰው አይለይም። ስለዚህ መርከብ ስትመታ የቦምብ ሰዎች የመጀመሪያ ሥራ ሁሉንም ወደ ዝግ ማዞር ነው። ለዚህም እያንዳንዱ መርከብ ሁለት መፍቻ ይሰጠዋል፤ አንድ ለግራ፣ አንድ ለቀኝ።

ትሬሎር እጁን በካፖርቱ ኪስ ከተተ። መፍቻው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሁለቱ መርከቦች በሰሜን አየርላንዷ የዴሪ ወደብ ጎን ለጎን ታስረው ነበር። ታንሲ በውጭ በኩል ስለቆመች ሰዎቿ ወደ መሬት የሚወርዱት የቲዝልን ወለል አቋርጠው ነው። ጎን ለጎን ሲቆሙ መሰራረቅ ደግሞ የአጃቢ መርከበኞች ሁሉ ልማድ ነው። ብሩሽ ይጠፋል፤ አዲስ ገመድ ይጠፋል፤ ድስት ይጠፋል። ሌብነት ብሎ የሚጠራው የለም። የተሰረቀበት ይሳደባል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከሌላ መርከብ ይወስዳል። ከዚያ በፊት የቲዝል ሰዎች የታንሲን ትልቅ የሾርባ ጭልፋ ወስደው በኩሽናቸው በር ላይ እንደ ዋንጫ ሰቅለውት ነበር።

ትሬሎር በልምምድ ላይ አንደኛውን መፍቻ ባሕር ውስጥ ጥሏል። ማሳወቅ ማለት አዛዡ ፊት ቆቡን አውልቆ መቆም፣ ምናልባትም ማዕረጉን ማጣት ነበር። እናም አንድ ከሰዓት በኋላ የቲዝልን ወለል ሲያቋርጥ፣ እጀታው አረንጓዴ የተቀባ መፍቻ በቀኙ ሐዲድ ላይ በሲባጎ ተንጠልጥሎ አየ። ሲባጎውን በጠሰና አለፈ። ማታ አረንጓዴውን ቀለም በኩሽናው እሳት አቃጥሎ አስለቀቀው። ስለ ጭልፋው ክፍያ ነው ብሎም በልቡ ሳቀ።

ይህን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። እሱ ዝም ካለ ለዘላለምም የሚያውቅ አይኖርም።

ቀትር ላይ ለመርከበኞች በየቀኑ የሚታደለው የረም መጠጥ ሰዓት ሆነ። የታንሲ ሰዎች ኩባያ ኩባያቸውን ይዘው ተሰለፉ። የተረፉት በመርከቧ መዝገብ ላይ ስለሌሉ ድርሻ የላቸውም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ኩባያ አንዳንድ ጉንጭ ያጎርሳቸዋል። ክሌግን ስድስት ሰው አጎረሰው። ሌኖክስን የፈለገው ግን የለም። እሱ ከጭስ ማውጫው ሥር፣ ሙቀት በሚወጣበት ብረት ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል።

ትሬሎር ሃምሳ አለቃ ስለሆነ የእሱ ረም ውኃ አልተቀላቀለበትም። ሳይቀምሰው ይዞት ሄደ።

«ጠጣ።»

«ማን ልኮህ ነው?»

«ማንም አልላከኝም።»

«መርዝ ከሆነ ስኳር ጨምርበት» አለ ሌኖክስ። ተቀብሎ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው፤ አመሰግናለሁም አላለም። «የኮርንዋሉ የቦምብ ሰው አንተ ነህ አይደል? ና እንግዲህ፤ አንተም ፍረድ። ስትመታ የግራውን ሐዲድ ጨረስኩ። በግራ ጎን ባሉት ሁለት የቦምብ ማስወንጨፊያዎች ላይ ያሉትንም ዘጋሁ። ከዚያ ወደ ቀኝ ስሻገር መርከቧ ጎኗ ላይ ተኛች። ወለሉ ግድግዳ ሆነ። ወደ ታንኳው አልዘለልኩም፤ ወደቅሁበት።»

«ባንድ መፍቻ ሁለቱንም ሐዲድ ማዳረስ…» አለ ትሬሎር፤ አለና ደነገጠ።

ሌኖክስ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ባንድ መሆኑን ማን ነገረህ?»

ትሬሎር ባሕሩን አየ። «እጀታው አረንጓዴ ነበር» አለ በመጨረሻ። «በሲባጎ የታሰረ። በቀኙ ሐዲድ ላይ።»

ኩባያው ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ሌኖክስ በሁለት እጁ የትሬሎርን አንገት አንቆ ከብረቱ ጋር አጣበቀው። ትሬሎር ሊገፈትረው አልሞከረም። ሁለቱም እኩል ቁመት ነበሩ።

«በቀኙ ሐዲድ ላይ ማን እንደነበር ታውቃለህ? ኤዲ ነው። ረዳቴ። በፒንሳ ሊያዞረው ይታገል ነበር። ገባህ? በፒንሳ! ‹አንዱ ዞረልኝ ዱጋልድ፣ አንዱ ዞረ› እያለ ሲጮህ ትቼው ነው የወደቅሁት።»

«ልቀቀኝና ልናገር።»

«ተናገር!»

«መፍቻው መጥፋቱን አንተስ ለምን ለአዛዥህ አልነገርክም?»

የሌኖክስ እጅ ላላ። «ስንመለስ ከሌላ መርከብ ልሰርቅ ነበራ» አለ። «ምናልባትም ከእናንተ።»

በሌላ ቀን ቢሆን የሚያስቅ ነገር ነበር።

«ለእኔ ለምን ነገርከኝ?» አለ ሌኖክስ እንደገና እየተቀመጠ። «እንዳልሸሸሁ እኔ አውቀዋለሁ። በረም አባብለህ ይቅር እንድልህ ነው? አልልህም። ሂድና እዚያ ታች ንገራቸው። ካልሆነም ሂድና ዝም በል፤ እዚህ ግን ፊቴ አትቁም።»

ትሬሎር ኩባያውን አንስቶ ሄደ። ስምንት ሰዓት እስኪሆን ቦምቦቹን ፈተሸ፤ የተፈተሹትን መልሶ ፈተሸ። ሃያ ሁለት ዓመት በባሕር ላይ፣ አሥራ አራቱን ከአባቱ ጋር በዓሣ ጀልባ፣ የሠራውን ሁሉ አሰበ። ከዚያ ውስጥ ሰው የሚያስታውስለት አንዱን ብቻ እንደሚሆን ገባው። ስምንት ሰዓት ሲሆን ግን ለካ እግሮቹ ወስነው ኖሯል።

የአዛዡ ክፍል አንድ አልጋና አንዲት ጠረጴዛ ብቻ የምትይዝ ጠባብ ነበረች። መርከበኞቹ ሽማግሌው ይሉት የነበረው መቶ አለቃ ሆልሮይድ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሦስት ቀን ሳይተኛ ቆይቶ ዓይኑ ደም ለብሷል። ይጽፋል። ክሌግ በፊቱ ቆሞ ያስጽፋል።

«‹…የሥራ ቦታውን ትቶ…›» አዛዡ ብዕሩን አቆመ። «ያልተጠራ ሰው እንዲገባ አልፈቀድኩም፣ ሃምሳ አለቃ።»

ትሬሎር ቆቡን አወለቀ። መፍቻውን ከኪሱ አውጥቶ በወረቀቱ ላይ አኖረው።

«ይሄ የቲዝል ነው ጌታዬ። ዴሪ ላይ የሰረቅሁት እኔ ነኝ። የኛን ባሕር ውስጥ ጥዬ ላለመናገር ብዬ ነው። ሌኖክስ የቀኙን ሐዲድ ያልዘጋው መፍቻ ስላልነበረው ነው። አልሸሸም።»

አዛዡ ብዕሩን ለቀቀው። ብዕሩ በጠረጴዛው ላይ እየተንከባለለ ወደ መፍቻው ሄዶ ቆመ።

«ውሸት ነው!» አለ ክሌግ። «ከጭስ ማውጫው ሥር ሲያወሩ አይቻለሁ። ረም አጠጥቶታል። የቦምብ ሰዎች ተማክረው ነው!»

«ምን ጥቅም አገኛለሁ ብዬ?» አለ ትሬሎር።

ክሌግ መፍቻውን አየው። ብረቱን በጣቱ ነካ፤ በእጀታው ስንጥቅ ውስጥ እሳቱ ያልደረሰበት የፀጉር ያህል ቀጭን፣ የቲዝል መሣሪያዎች የሚቀቡበት አረንጓዴ መስመር ቀርቶ ነበር። እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ።

«እንግዲያው ሁለት ናችሁ» አለ። «ደህና። ሁለት ናችሁ።» ሳይፈቀድለት ወጣ።

አዛዡ ወደ ትሬሎር ዞረ። «የተሰማኝን ልንገርህ? ይሄንን ሊቨርፑል ደርሰን ብትነግረኝ እመርጥ ነበር። አሁን ምን ላድርግህ? ላስርህ ይገባ ነበር። ፊንች እጁ ተጨፍልቋል፤ በዚህ መርከብ ላይ ካንተ ሌላ ዓይኑን ጨፍኖ ቦምብ የሚያዘጋጅ ሰው የለኝም። ሰባት ቀን ይቀረናል። እነዚያ አርባ አንድ መርከቦች…»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

«አታውቅም! ብታውቅ ኖሮ…» ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ስንደርስ ለፍርድ ትቀርባለህ። በገዛ እጄ ነው የምጽፈው። እስከዚያ ድረስ በቦታህ ትቆማለህ። ሌኖክስ በፊንች ቦታ ይገባል።»

«ከኔ ጋር ጌታዬ?»

«ካንተ ጋር። አትወደውም? እሱም አይወድህም። እኔም ሁለታችሁንም አልወዳችሁም።»

ደወሉ የዚያን ጊዜ ተደወለ። የማዳመጫ መሣሪያው ከባሕሩ ሥር ብረት አግኝቷል። አዛዡ ከመቀመጫው ሲነሳ መፍቻውን አንስቶ በትሬሎር ደረት ላይ ወረወረው። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ።

ሌኖክስ በኋለኛው ወለል ላይ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ትእዛዙ ደርሶታል። ትሬሎር ሲመጣ እጁን ዘረጋ። ትሬሎር የቲዝልን መፍቻ ሰጠው። እሱ የታንሲን ይዞ ወደ ቀኝ ሄደ።

«መቶ ኀምሳ ጫማ!» አለ ስልኩን የያዘው መርከበኛ የሰገነቱን ትእዛዝ እየደገመ።

በርሜል ከበርሜል ተላለፉ፤ መፍቻው ገባ፣ ዞረ፣ ወጣ። ትሬሎር የግራውን ሐዲድ ድምፅ በጆሮው ይከታተላል፤ ሌኖክስ ከእሱ ይፈጥን ነበር።

«ልቀቅ!»

በርሜሎቹ በሐዲዱ ተንከባልለው ወደ ነጩ አረፋ ወደቁ። ማስወንጨፊያዎቹ ተኮሱ። ታንሲ በሙሉ ኃይሏ ሸሸች። ጥቂት ቆይቶ ባሕሩ አምስት ቦታ ወደ ላይ ተነሳ፤ የመርከቧ ብረት ሁሉ እንደ ደወል ጮኸ። ከመኝታ ክፍል የወጡት የቲዝል ሰዎች ይህን ድምፅ ሲሰሙ ሁለቱ ጆሯቸውን ይዘው ቁጢጥ አሉ። ክሌግ ግን ቆሞ ያይ ነበር።

እንደገና ሞሉ። እንደገና ጣሉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ የማዳመጫው ሰው ምንም አይሰማኝም አለ። ሰርጓጁ ሞቶ ይሁን አምልጦ ማንም አላወቀም፤ የላይኛው ውኃ ላይ የሞቱ ዓሦች ብቻ ተንሳፈፉ።

«ሁሉም ወደ ዝግ!» አለ ስልኩን የያዘው።

ትሬሎር በቀኙ ሐዲድ የቀሩትን አምስት በርሜሎች አንድ በአንድ ዘጋ። ለሃያ ሁለት ዓመት ሥራውን ያየው እንደሌለ ሆኖ ሲሠራ ኖሯል። አሁን ሁሉም ያዩታል። በርሜል ሲጎትቱ የነበሩት ቆመዋል። ወሬው ከአዛዡ ክፍል ቀድሞት ወጥቷል። ትናንት በቅጽል ስሙ እየጠሩ ትንባሆ ይለምኑት የነበሩት ልጆች በሩቁ ናቸው፤ ያም ሆኖ ጨረሰ።

«የቀኙ ዝግ ነው» አለ ወደ ስልኩ ዞሮ።

ስልኩን የያዘው መርከበኛ ቃሉን ወደ ሰገነቱ አላስተላለፈም። ዓይኑ ከትሬሎር ትከሻ በላይ አለፈ።

ሌኖክስ የራሱን በኩል ጨርሶ ተሻግሮ ነበር። በትሬሎር የመጀመሪያ በርሜል ላይ ተንበረከከ። መፍቻውን አስገባ። በአውራ ጣቱ ምልክቱን ዳሰሰ። ዝግ ነው። ወደ ሁለተኛው ሄደ፤ አስገባ፤ ዳሰሰ። ክሌግ ከበሩ ወጥቶ ሁለት እርምጃ ቀረበ፤ አንገቱን አስግጎ ያንን አውራ ጣት ያየዋል። ወደ ሦስተኛው።

«ሰገነቱ ይጠይቃል» አለ ስልኩን የያዘው። «ተዘግቷል ወይ ነው የሚለው አዛዡ።»

ትሬሎር አፉን ከፈተ። የኋላውን ወለል ወክሎ መልስ የሚሰጠው ሃምሳ አለቃው ብቻ ነው፤ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው።

«ገና ነው በለው» አለ ሌኖክስ ቀና ሳይል።

መርከበኛው ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «ገና ነው ጌታዬ።»

ከሰገነቱ ቁጣ አልመጣም። መርከቧ ወደ ጎን ተኛች፤ ተቃናች። ሌኖክስ በአራተኛው በርሜል ላይ ተንበርክኮ የተረጨበትን የባሕር ውኃ ከዓይኑ በክርኑ ጠረገ። ትሬሎር ከመንገዱ አንድ እርምጃ ገለል አለለት፤ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ሌላ ሰው ሥራውን እስኪያምንለት ድረስ ቆሞ ጠበቀ።